አዲሱ ማስታንግ ጂቲ በማንዋል፦ ደስታው ያለው ከ60 ማይል በታች ነው

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ስለ መኪና ስንከራከር አብዛኛውን ጊዜ የምንወራወረው ቁጥር ነው። የማን ፈረስ ጉልበት ይበልጣል፣ የትኛው ከዜሮ ተነስቶ በሰዓት 60 ማይል በስንት ሴኮንድ ይገባል። ዛሬ ሌላ ነገር ላንሳ። የ2024ቱን ፎርድ ማስታንግ ጂቲ፣ ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋሉን፣ በደንብ ነዳሁት። የዚህ መኪና ዋና ደስታ ያለው ከ60 ማይል በታች ነው እላለሁ፤ የማይስማማ ካለ እንከራከር።

መኪናው የጓደኛዬ ነው። ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ በ66 ቁጥር አውራ ጎዳና አድርገን ፍሮንት ሮያል ወጣንና ስካይላይን ድራይቭን ያዝን። ለማታውቁት፣ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በተራራው ጀርባ ላይ እየተጠማዘዘ 105 ማይል የሚሄድ መንገድ ነው። የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል ነው። አጋዘን ይሻገራል፣ ድብ ይሻገራል፣ ሰው ዳር ይዞ ፎቶ ያነሳል፤ ስለዚህ 35 ማለት 35 ነው። 480 ፈረስ ጉልበት ይዞ እዚህ መግባት ለሰሚው ቅጣት ይመስላል። እኔ ግን ከመሪው መነሳት አልፈለግኩም።

ምክንያቱ ሞተሩ ነው። 5.0 ሊትር ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ነው፤ አየር አምቆ የሚያስገባው ተርቦ የለውም። ነዳጅ ስትሰጡት እስኪነቃ አትጠብቁትም። ትንሽ ስትረግጡ ትንሽ፣ ብዙ ስትረግጡ ብዙ ይሰጣችኋል። ከፍተኛ ጉልበቱ ያለው ሞተሩ በደቂቃ ከ7,000 ዙር በላይ ሲዞር ነው፤ እዚያ ድረስ ለመውጣት ግን ማንም አያስገድዳችሁም። በሁለተኛ ማርሽ ከ2,500 እስከ 4,000 ዙር መሀል ድምፁ ከሥር እየጎረነነ ይመጣል። ኩርባው ሲደርስ እግራችሁን ታነሳላችሁ፣ መኪናው በሞተሩ ይያዛል፣ ኩርባውን ሲጨርስ ቀስ አድርጋችሁ መልሳችሁ ትሰጡታላችሁ። ብዙ ቦታ ፍሬን መንካት እንኳ አላስፈለገኝም። ፍሪሲዮኑ ከባድ አይደለም፣ የሚይዝበት ቦታም ቶሎ ይለመዳል። እጅ፣ ግራ እግርና ጆሮ አብረው ሥራ ላይ ናቸው። ቶርንተን ጋፕ ከሚባለው የተራራ መተላለፊያ ትንሽ ወደ ደቡብ አለፍ ሲባል ሜሪስ ሮክ የሚባል ዋሻ አለ፤ ዓለቱን ቦርቡረው የሠሩት፣ 670 ጫማ ገደማ የሚረዝም። መስኮት ከፍተን፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ወሰኑን ሳናልፍ ገባን። ከማርሚታው የወጣው ድምፅ ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ ሁለታችንም ወሬያችንን አቋረጥን። ያንን ለመስማት 100 ማይል መብረር አያስፈልግም።

ያልተመቹኝም አሉ። የኤሲ መቆጣጠሪያው 13.2 ኢንቹ ስክሪን ውስጥ ገብቷል። ስክሪኑ ቆንጆ ነው፤ ግን ኩርባ ላይ ሆኖ ቅዝቃዜ ለመጨመር ዓይንን ከመንገድ ማንሳት ትክክል አይደለም። የኋላ ወንበሩ ልጅ ካልሆነ አዋቂ አያስቀምጥም። መሪው ቶሎ ይታዘዛል፣ ጎማው መሬት ላይ ምን እያደረገ እንደሆነ ግን በደንብ አይነግርም። ክብደቱም ከ1,700 ኪሎ በላይ ስለሆነ ቁልቁለት ላይ ይታወቃል።

ጊዜውንም አስቡት። ዶጅ ቻሌንጀር በ2023 መጨረሻ ላይ ቆመ። ሼቭሮሌ ካማሮም በዚያው ሰሞን አበቃ። ኮርቬት ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ማንዋል የለውም። በ50,000 ዶላር አካባቢ አዲስ የአሜሪካ ቪ8 በማንዋል ማርሽ እገዛለሁ የሚል ሰው የቀረለት ይህ ነው። የነዳችሁት ምን ትላላችሁ?

መልሱ ብዙ ነበር፤ በኋላ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች በተራ ቁጥሩ ሐሳባቸውን አስቀምጣለሁ።

መልስ 1፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በጣም በትህትና ነው የጻፈው። የቀድሞውን ትውልድ፣ የ2016ቱን፣ በማንዋል ይነዳል፤ በሐሳቤ ይስማማል። ማርሽ ሲቀነስ ኮምፒውተሩ ራሱ ዙሩን ከፍ አድርጎ የሚያስተካክለውን ነገር አብርቼ ወይስ አጥፍቼ እንደነዳሁ ጠየቀኝ። ተራራው ላይ አጥፍቼ፣ ትራፊክ ውስጥ አብርቼ ነው። እሱ ይህ ነገር ሰውን ያሰንፋል ባይ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ማጥፋት እስከተቻለ ድረስ ምንም አይጎዳም።

መልስ 2፦ አጭር ናት። 50,000 ካልክ ካዲላክ ሲቲ5-ቪ ብላክዊንግን ለምን ረሳህ ይላል፤ 6.2 ሊትር ቪ8፣ 668 ፈረስ ጉልበት፣ በማንዋል። አልረሳሁትም። ዋጋው ከጂቲው እጥፍ ስለሚበልጥ ነው ያልጠቀስኩት። ጂቲው ሲወጣ የመነሻ ዋጋው 43,000 ዶላር ገደማ ነበር።

መልስ 3፦ ከውድብሪጅ አንዲት እናት ናቸው። ስለ መኪናው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ስለ ሕጉ ግን ሁላችንም ማወቅ ያለብንን ተናገሩ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከወሰኑ 20 ማይል ማለፍ፣ ወይም ወሰኑ ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም። ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር መቀጫ ሊያስከትል ይችላል፤ ሪከርድ ላይም ይቀራል። የእህታቸው ልጅ በዚህ ተይዞ ጠበቃ ሲያቆም፣ ኢንሹራንሱ ሲጨምርበት፣ ሥራ ሲያመለክት ጉዳዩ እየተነሳበት ምን ያህል እንደተጉላላ ጻፉ። እንደዚህ ዓይነት መኪና ደግሞ ሳይታወቅ እዚያ ፍጥነት ላይ ያደርሳል አሉ። እውነታቸውን ነው። በሦስተኛ ማርሽ ሳይጮህ ከ80 ማይል የሚያልፍ መኪና ነው፤ ከ60 በታች መደሰትን ያልለመደ ሰው ዳኛ ፊት መቆሙ አይቀርም።

መልስ 4፦ እዚህ ላይ ነገሩ መክረር ጀመረ። ዲሲ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ሰው ነው። አዲስ አበባ ሰማያዊ ላዳ ነድቷል። ፍሪሲዮን የምታሞግሱት ኑሯችሁን ያልመራችሁበት ስለሆናችሁ ነው አለ። ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ ሰው ሞልቶ ዳገቱን ሲወጣ፣ ከፊት ያለው መኪና ሲቆም፣ የእጅ ፍሬኑ አልይዝ ሲል፣ በፍሪሲዮን ብቻ ይዞ መቆም ምን እንደሆነ ዘርዝሮ ጻፈ። ጉልበቱ ዛሬም ያመዋል። 395 አውራ ጎዳና ላይ በሥራ መውጫ ሰዓት ማንዋል የሚነዳ ሰው ጤነኛ አይመስለኝም ብሎ ዘጋው። ቃሉ ጠንከር ያለ ነው፤ ግን የኖረበትን ስለተናገረ አክብሬ ነው ያነበብኩት።

መልስ 5፦ ለ4ኛው ነው። አዲሱ መኪና ዳገት ላይ እግር ከፍሬን ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ ራሱ ይዞ ይቆያል፣ ወደ ኋላ አይንሸራተትም፤ የላዳውን ስቃይ እዚህ ማምጣት ልክ አይደለም አለ። 4ኛው ተመልሶ ጉልበት ግን ያው ጉልበት ነው አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። በየቀኑ ትራፊክ ውስጥ የሚውል ሰው ባለ አሥር ማርሹን አውቶማቲክ ቢገዛ አልፈርድበትም።

መልስ 6፦ ከኮሎራዶ፣ ከኦሮራ ነው። ደስ የሚል ነጥብ አመጣ። ተርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ ላይ አየር ስለሚያንሰው ጉልበቱን ያጣል፤ ዴንቨር አካባቢ ሩቡን ያጣል ብሎ ጻፈ። በተራራ ላይ የነዳኸው መኪና ሙሉውን 480 አልሰጠህም ሲልም ጨመረ።

መልስ 7፦ ይህ መካኒክ ነው፤ ወዲያው አረመው። አካሄዱ ትክክል ሆኖ ስሌቱ በዝቷል። በግምት በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ነው የሚጠፋው። ዴንቨር 5,280 ጫማ ስለሆነች 16 በመቶ አካባቢ ማለት ነው። 480ው ወደ 400 ይወርዳል። ስካይላይን ድራይቭ ደግሞ ከፍተኛው ቦታው 3,700 ጫማ ስለማያልፍ ጉዳቱ ከዚያም ያንሳል። ቀጠለና አዲስ አበባን አሰላት። ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ወደ 7,700 ጫማ ገደማ። እዚያ ይኸው መኪና 370 ፈረስ ጉልበት ቢሰጥ ነው። ተርቦ ያለው ሞተር አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ በጣም ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ አየር ስለማይፈልግ ምንም አይነካውም። እንዲህ ዓይነት መልስ ሲገኝ ነው መጻፍ ደስ የሚለው። ለእኔ ሐሳብም ያግዛል፤ ጫፉ ላይ ያለው ጉልበት ቢቀንስም መሀል ላይ ያለው ጨዋታ አልተበላሸም።

መልስ 8፦ የ7ኛውን ነጥብ ይዞ ኢኮቡስት የሚባለውን ማስታንግ አነሳ። 2.3 ሊትር ባለ ተርቦ፣ አራት ሲሊንደር፣ 315 ፈረስ ጉልበት። አፍንጫው ቀለል ስለሚል ኩርባ ላይ ፈጥኖ ይታጠፋል፣ ነዳጁ ያንሳል፣ ኢንሹራንሱም ይቀላል አለ። ሁሉም እውነት ነው። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ በዚህ ትውልድ ኢኮቡስቱ በማንዋል አይሸጥም።

መልስ 9፦ 8ኛውን ሰደበው። አራት ሲሊንደር ያለው ማስታንግ ስለሚነዳ ሰው የጻፈውን እዚህ አልደግመውም። አያስፈልግም ነበር።

መልስ 10፦ ከዳላስ አካባቢ ነው። አዲሱን የኤሌክትሪክ ዶጅ ቻርጀር ዴይቶና፣ ስካት ፓኩን፣ ይነዳል። 670 ፈረስ ጉልበት፣ በአራቱም ጎማ የሚገፋ፤ አምራቹ በ3.3 ሴኮንድ 60 ይገባል የሚለው መኪና ነው። ዝናብ ላይ ሙሉ ሲረግጡት እንኳ አይንሸራተትም፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል አለ። ማስል ካር ማለት ከመብራት ላይ ተነስቶ ሁሉን ጥሎ የሚሄድ ከሆነ የዛሬው ማስል ካር የእኔ ነው ሲል ተከራከረ። ስለ ድምፁም ጻፈ። መኪናው ከኋላው የአየር ክፍልና ስፒከር ያለው ድምፅ መፍጠሪያ አለው፤ ዶጅ እስከ 126 ዴሲቤል ይደርሳል ብሏል። በጨዋ ቋንቋ፣ በእምነት ነው የጻፈው።

መልስ 11፦ በሁለት አረፍተ ነገር አወረደው። ከስፒከር የሚወጣ የሞተር ድምፅ ውሸት ነው፣ ውሸት ደግሞ በዴሲቤል እውነት አይሆንም።

መልስ 12፦ 10ኛው ተመልሶ መጣ፤ አሁን ትህትናው ቀንሷል። መኪናውን ሳትነዳ አትፍረድ፣ ነዳጅ እየተቃጠለ ስለጮኸ ብቻ የተሻለ ሰው አትሆንም አለ። ክርክሩ ሦስት አራት ጊዜ ተመላለሰ፤ እሱን አልዘረዝረውም። የእኔን አቋም ግን ልናገር። መኪናው ፈጣን ነው፣ በዚያ አልከራከርም። ክብደቱ ከ2,600 ኪሎ በላይ ነው፤ ከማስታንጉ በ900 ኪሎ ገደማ ይበልጣል። ዳላስ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ይህ አይታወቅ ይሆናል፣ ቶርንተን ጋፕን በ211 ቁጥር መንገድ ስትወርዱ ግን እያንዳንዱ ኪሎ ፍሬኑ ላይ ነው የሚያርፈው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለነጂው የሚተወው ሥራ ጥቂት ነው። እኔ የምፈልገው ሥራውን ነው።

መልስ 13፦ ዶጅ ራሱ ቤንዚኑን መልሷል፣ ቻርጀር ሲክስፓክ የሚባል አለ ብሎ አስታወሰ። ልክ ነው። 3.0 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ ሁለት ተርቦ ያለው፤ አንደኛው 420፣ ሁለተኛው 550 ፈረስ ጉልበት ነው። ማንዋል ግን የለውም።

መልስ 14፦ ከሎስ አንጀለስ አንድ ጋሼ ናቸው። ክርክሩን ወደ ሌላ ደረጃ ያወጡት እሳቸው ናቸው። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ለትምህርት መጥተው፣ ተማሪ እያሉ የ1966 ማስታንግ በርካሽ ገዙ። 289 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8፣ ማለትም 4.7 ሊትር። ያን ጊዜ ማስታንጉ አዲስ ነገር አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 17 ቀን 1964 ኒውዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ከታየ ዓመታት አልፈውት ነበር። ከዚያ በ1973 የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲያቆሙ ማደያ ላይ የተሰለፉትን ሰልፍ ጻፉ። ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ከዚያ በፊትም ትልቅ ሞተር ባለው መኪና ላይ ክፍያ ጨምረው ወጣቱን አስወጥተውት ነበር። የጭስ ሕጉም መጣ። የ1974ቱ ማስታንግ ጭራሽ ያለ ቪ8 ወጣ። ሰው ሁሉ አበቃ አለ። በዓመቱ ቪ8ው ተመለሰ። ስለዚህ ይህ መኪና የመጨረሻው ነው እያላችሁ ወጣቱን አታስቸኩሉት አሉ።

ሌላም ጨመሩ። በ1974 መጀመሪያ ላይ በመላው አሜሪካ የፍጥነት ወሰኑ 55 ማይል ተደረገ፤ ለዓመታትም ቆየ። ያ ሁሉ ሕዝብ ቪ8 መኪናውን በ55 ማይል እየነዳ ይወደው ነበር። የአንተን ሐሳብ እኛ ኖረንበታል አሉኝ። ይህንን ሳነብ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኝም።

መልስ 15ና 16፦ አንድ ወጣት ስለ አሮጌው መኪና ፍሬን ጠየቃቸው፣ እሳቸውም መለሱ። አራቱም ጎማ ላይ ከበሮ ፍሬን ነበር፤ ደጋግመው ከረገጡት ይግልና መያዝ ይተዋል። መሪው ያለ ኃይል ማገዣ ስለሆነ መኪና ማቆም ትከሻ ይፈልጋል። ጠዋት ካርቡራተሩ እስኪሞቅ መጠበቅ ነበር። የልጅ ልጃቸው አዲሱን ሲያስነዳቸው፣ በተለይ ብሬምቦ ፍሬኑ፣ ሌላ ዓለም ሆነባቸው። አሮጌውን ማመስገን ይወዳሉ፣ ቤተሰብ ጭነው ግን አዲሱን ነው የሚመርጡት።

መልስ 17፦ ከሚኒሶታ ነው። ማስታንግ ከመኪና ትርኢት ሲወጣ ተንሸራቶ ሕዝብ ላይ ሲወጣ የሚያሳዩትን ቪዲዮዎች አንስቶ፣ ይህ መኪና አደገኛ ነው የሚሉትን በምክንያት መለሰ። ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኋላው ጎማ ራሱን ችሎ የሚንቀሳቀስ ነው፣ የድሮው ቀጥ ያለ አክሰል አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው። ጎማው ቀዝቃዛ ነው፣ ነጂው መንሸራተት የሚከለክለውን ኮምፒውተር አጥፍቷል፣ መሪው ሳይቃና በአንደኛ ማርሽ ሙሉ ይረግጣል። በዚያ ላይ ፐርፎርማንስ ፓኬጅ ከሚባለው ተጨማሪ ዕቃ ጋር የሚመጣው የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እየጠነከረ መያዝ ያቆማል። ሚኒሶታ ላይ ከጥቅምት ጀምሮ የክረምት ጎማ ካልቀየርክ መኪናውን ጋራዥ ተወው አለ። ቨርጂኒያም ቢሆን ጥር ላይ ያው ነው።

መልስ 18፦ ከዱባይ። እሱ የነዳው ተከራይቶ ነው፣ አውቶማቲኩን። እዚያ ቱሪስት የሚከራየው ይህን መኪና ስለሆነ ጎማው ያለቀ፣ ፍሬኑ የደከመ ይገኛል፤ በዚያ አትፍረዱ ብሎ መከረ። በ45 ዲግሪ ሙቀት ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚሞቅ ጉልበቱ እንደሚቀንስም ጠቅሶ ከ7ኛው ጋር አያያዘው። አቡዳቢ ከገባችሁ ደግሞ ራዳሩ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጭማሪ አይፈቅድም፤ የተጻፈው ቁጥር ራሱ ነው ወሰኑ።

መልስ 19፦ ከፍራንክፈርት ነው። ፊት ለፊት የተቃወመኝ እሱ ነው፤ በጥሩ ሁኔታ። አውሮፓ የሚሸጠው ጂቲ በጭስ ማጣሪያው ምክንያት ወደ 440 ፈረስ ጉልበት ይወርዳል። ቢሆንም አውቶባን ላይ ሌሊት፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ በአምስተኛ ማርሽ ከ160 ወደ 220 ኪሎ ሜትር ሲወጣ ሞተሩ የተሠራለትን ሥራ ሲሠራ ታየዋለህ አለ። በ35 ማይል ማንኛውም ማንዋል መኪና ያስደስታል፤ ለዚያ ቪ8 አያስፈልግም፣ ትንሽ ማዝዳ ሚያታ ይበቃል። 7,000 ዙር የሚደርስ ሞተር ገዝቶ 4,000 ላይ ማቆም ማባከን ነው።

መልሴ ይህ ነው። ሚያታ ድንቅ መኪና ነው፣ ግን ከ2,000 ዙር ላይ ማርሽ ሳይቀየር ዳገት እየጎተተ አይወጣም፤ ያ ዝም ብሎ የሚመጣ ጉልበት የትልቅ ቪ8 ጠባይ ነው። ደግሞም እሱ መንገዱ አለው። እኛ አገር በሕግ የተፈቀደው ከፍተኛው ፍጥነት ቴክሳስ ውስጥ 130 ቁጥር መንገድ ላይ ያለው 85 ማይል ነው፤ ከ137 ኪሎ ሜትር አያልፍም። አሜሪካ የሚኖር ሰው መኪናውን በሚኖርበት ፍጥነት ነው መመዘን ያለበት።

መልስ 20፦ ከአዲስ አበባ ነው፤ ከዚህ በኋላ ወሬው መስመሩን ለቀቀ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለ ይህ መኪና እኛ ጋ በፎቶ ብቻ ነው የሚታየው አለ። ቅሬታም ነበረበት፣ ናፍቆትም።

መልስ 21 እስከ 25፦ ስለ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። አንዱ መብራት ሲጠፋ ቻርጅ የት እናድርግ አለ፣ ሌላው ቤንዚን ሰልፍ ከመቆም ይሻላል አለ። አንዱ ቪትዙን ልሸጥ ወይስ ልቆይ ብሎ ምክር ጠየቀ። አንዷ ብቻ ወደ ነገሩ መለሰችን። በ7ኛው ስሌት መሠረት ለአዲስ አበባ ከፍታ የሚስማማው ኤሌክትሪክ ነው፣ እንጦጦን ሲወጣ አይደክምም አለች። በትክክል አንብባዋለች።

መልስ 26፦ ይህ ሰው መኪናውን ትቶ እኛን ያዘ። ስደት ላይ ሆኖ 50,000 ዶላር ለመጫወቻ ማውጣት ነውር ነው፣ በዚያ ገንዘብ ለእናትህ ቤት ትሠራለህ አለ።

መልስ 27፦ እናቴ ቤት አላት፣ የሠራሁላት እኔ ነኝ፣ አንተ ስለ ራስህ ተናገር። ይህን በቁጣ ነው የጻፈው፤ ከዚህ የከፋውን ትቼዋለሁ።

መልስ 28፦ ከሲያትል፣ ነርስ ናት። በቁጣው መሀል ገብታ አበረደችው። ለዓመታት ሌሊት ሠርታ፣ ወንድሞቿን አስተምራ፣ ከዚያ ለራሷ ጂቲ ማንዋል ገዛች። ማንዋል መንዳት አታውቅም ነበር። ጎረቤቷ የሆኑ አዛውንት እሑድ እሑድ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ አስተማሯት። መጀመሪያ ያስተማሯት ነዳጅ ሳትሰጥ፣ ፍሪሲዮኑን በጣም በዝግታ እየለቀቀች ብቻ መኪናውን ማስነሳት ነበር፤ የሚይዝበትን ቦታ እግሯ እስኪያውቀው ድረስ ሌላ አልነካቸውም። ለሚማር ሰው ሁሉ ይህን ዘዴ እመክራለሁ። ከሥራ ስትወጣ ገና ስላልነጋ ማርሚታውን ጸጥታ ላይ አድርጋ ነው የምትነዳው፤ ጠዋት ሲነሳም በጸጥታ እንዲነሳ ሰዓቱን ሞልታለታለች። ሌሊቱን ሙሉ የሰው ሕይወት ስትጠብቅ አድራ፣ ወደ ቤት በ30 ማይል ማርሽ እየቀየረች ስትሄድ ጭንቅላቷ ይረጋጋል። ለ26ኛው በቀጥታ አልመለሰችለትም። መመለስም አላስፈለጋትም።

መልስ 29፦ የ22 ዓመት ልጅ ነው፣ ከአትላንታ። ይህን ሁሉ አንብቦ የመጀመሪያ መኪናዬ ጂቲ ቢሆን ምን ይመስላችኋል አለ።

መልስ 30፦ ኢንሹራንስ ቢሮ የምትሠራ ሰው መለሰችለት። ከመፈረምህ በፊት የመኪናውን ቪን (የሻንሲ) ቁጥር ይዘህ የኢንሹራንሱን ዋጋ አስወጣ አለችው። ከ25 ዓመት በታች የሆነ ወንድ በቪ8 ላይ የሚከፍለው ከመኪናው ወርሃዊ ክፍያ ጋር ሊፎካከር ይችላል። የሚሰረቅበት ሰፈርም ዋጋ ይጨምራል። ጋሼ በ14ኛው ስለ ኢንሹራንስ የተናገሩት ዛሬም አልተለወጠም አለች።

መልስ 31፦ የውድብሪጇ እናት ተመለሱ። ልጄ፣ መጀመሪያ ትንሽ ነገር ንዳ አሉት። 19ኛውም ተደርቦ ሚያታ አለ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ያገለገለ ርካሽ ማንዋል ግዛ፣ ፍሪሲዮን እስኪገባህ ንዳ፣ አንድ ክረምት አሳልፍበት። ጂቲው አይሸሽም፤ ያገለገለውም እየረከሰ ይመጣል። ስትገዛም ዲለሩ ከተለጠፈው ዋጋ በላይ ልጨምር ካለህ ተነስተህ ውጣ። ሌላ ከተማ ደውል። ለተራራ መንገድ ከፈለግክ ፐርፎርማንስ ፓኬጅ ያለውን ፈልግ፤ ብሬምቦ ፍሬኑና የኋላ ጎማዎቹን አብሮ የሚያስይዘው ቶርሰን ዲፈረንሺያል የሚመጣው ከዚያ ጋር ነው። ዳርክ ሆርስ የሚባለው ባለ 500 ፈረስ ጉልበቱ ማስታንግ ትሬሜክ የሚባለው ኩባንያ የሠራው ካምቢዮ አለው፤ የማርሹ አገባብ ከጂቲው ይበልጥ ጥብቅ ነው። ለመጀመሪያ መኪና ግን አይሆንም።

መልስ 32፦ ልጁ አመስግኖ አንድ ጥያቄ ጨመረ። ጂቲ ተራ ቤንዚን ይሞላል ወይስ ፕሪሚየም? ፎርድ የጉልበቱን ቁጥር የሚያወጣው በፕሪሚየም ለክቶ ነው። ከተማ ውስጥ በጋሎን 15 ማይል አካባቢ ስለሚበላ፣ ሒሳብህን ስትሠራ የፕሪሚየሙን ዋጋ ይዘህ ሥራ።